ያላለቀው ቀሚስ

«ሻማውን ወደ ግርጌው አርጊው፤ ፊቱ ላይ ጥላ ጣለበት» አሉ እማማ ዜሊ።

ክሌማንስ ሻማውን አንስታ ወደ አልጋው ግርጌ ወሰደችው። ወሩ ሰኔ ነው፤ ውጭ ፀሐይዋ ድርቆሹን ትቆላዋለች፤ እቤት ውስጥ ግን መስኮቱ ሁሉ ተከርችሞ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። ሰው በሞተበት ቤት መስኮት አይከፈትም። የግድግዳው ሰዓት ቆሟል፤ መስተዋቱ በአንሶላ ተሸፍኗል። እማማ ዜሊ ከመስተዋቱ ጋር ልጃቸው የሣለውን ትልቁን ሥዕልም ሸፍነውታል። ያብረቀርቃል ብለው ይሁን ማየቱን ስላልቻሉት ይሁን፣ ማን ደፍሮ ይጠይቃቸዋል?

ቴዎፊል አልጋው ላይ ተጋድሟል። ንጹሕ ሸሚዝ አልብሰውታል፤ ጺሙን አበጥረውለታል፤ በሕይወቱ ሳለ ነክቶት የማያውቀውን መቁጠሪያ ጣቶቹ ላይ ጠምጥመውበታል። ገና በጎልማሳነቱ ነው። ነበር። ክሌማንስ ይቺን «ነበር» የምትባል ቃል ከጠዋት ጀምሮ በሆዷ እየሞከረቻት እምቢ ብላታለች።

ጎረቤቱ ገባ ወጣ ይላል። የገባው ሁሉ አልጋው አጠገብ ካለችው የጠበል ሳህን ለምለሟን ቅጠል አንስቶ ሬሳው ላይ ረጨት ረጨት ያደርጋል፤ ከዚያ ለእማማ ዜሊ «እግዜር ያጽናዎት» ብሎ ግድግዳውን ተጠግቶ ይቀመጣል። ለክሌማንስ ደግሞ ቤት ለተከራየ ሰው ሰላምታ እንደሚሰጥ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ወንዶቹ ከአጨዳ መምጣታቸው ነው፤ ድርቆሽ ድርቆሽ እየሸተቱ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ የፖም ጠጃቸውን ፉት እያሉ ወለሉን ያያሉ።

ፊርሚን ግን ወለሉን አታይም። ፊርሚን የቅርብ ጎረቤት ናት፤ ሬሳ አጣቢም፣ የቀብር ሥርዓት አዋቂም፣ የመንደሩ ወሬ ጎተራም እሷው ናት። ስታንሾካሹክ እንኳ ድምፅዋ ጓሮ ይሰማል።

«እማማ ዜሊ፣ ነገ ወዲያ ፓሪሷ የት ጋ ናት የምትሄደው?»

«የት ጋ ማለት?»

«ከሬሳው ኋላ ነዋ! ሰልፉን ላስተካክል ብዬ ነው። ቄሱም ይጠይቁኛል።»

እማማ ዜሊ የልጃቸውን ትራስ አስተካከሉ። «ፓሪሷ» የተባለችው ክሌማንስ ሻማው አጠገብ ቆማ ትሰማለች።

«ከጎረቤት ጋር ትሂድ» አሉ በመጨረሻ።

«ጥቁርስ? ድስቱን ስጥደው የሷንም ልጨምር ወይስ…»

«ጥቁር ለሚስት ነው» አሉ እማማ ዜሊ።

በዚያ መንደር የሐዘን ልብስ ከሱቅ አይገዛም። ሟች ቤት ጓሮ ትልቁ የብረት ድስት ይጣዳል፤ የወንዝ ዳር ዛፍ ቅርፊትና የዛገ ምስማር ውኃው አተላ እስኪመስል ይንተከተካል፤ ከዚያ የቤቱ ሴቶች ልብስ አንድ ላይ ይነከራል። ከአንድ ድስት የወጣ ጥቁር መልኩ አንድ ነው። ከሬሳ ኋላ የሚሄዱትን ያየ ሰው ማን የቤቱ ሰው፣ ማን እንግዳ እንደሆነ ማንንም ሳይጠይቅ ያውቃል። ልጅም ብትሆን፣ እህትም ብትሆን፣ ድስቱ ያልነካት የቤቱ አይደለችም።

ክሌማንስ ሦስት ዓመት እዚህ ቤት ኖራለች። ግን ቄስ አላጋባቸውም፤ ከንቲባም አልፈረመላቸውም። ቴዎፊልና ጓደኞቹ ቄስም ከንቲባም አይወዱም ነበር። «ፍቅር ማኅተም አይመታበትም» ይሉ ነበር ፓሪስ ሳሉ፣ ወይናቸውን እየጠጡ። እዚያ ሲሰሙት ደስ የሚል ነገር ነው። እዚህ ግን ክሌማንስ ሦስት ዓመት ሙሉ «ፓሪሷ» ናት፤ እማማ ዜሊን እናቴ ብላ ጠርታቸው አታውቅም፤ እሳቸውም ልጄ ብለዋት አያውቁም።

ጥቁሩን ፈልጋው አይደለም። ጥቁሩንስ ሟቹ ራሱ ከልክሏታል። የከነከናት ያ «ከጎረቤት ጋር» የሚለው ነው።

ፊርሚን ተነሥታ የሬሳውን እጅ ያዘችና ዓይኗን አጨንቁራ አየችው። «ጥፍሩ ሥር ቀለም አለ፤ እዩት ይኼን ቢጫ። እንዲህ ሆኖ ወደ ፈጣሪው አይቀርብም። እስቲ ሳሙናና መርፌ…»

«ተዪው!»

ክሌማንስ ራሷ በድምፅዋ ደነገጠች። የወንዶቹ ብርጭቆ ባለበት ቆመ።

«ደሞ ይቺ ማን ናትና ነው…» ብላ ፊርሚን ልትጀምር ስትል እማማ ዜሊ እጃቸውን አነሡ።

«ተዪው ፊርሚን። ከነቀለሙ ይሂድ።»

አሮጊቷና ክሌማንስ ተያዩ። አንድ አፍታ ነው። ከዚያ እማማ ዜሊ ፊታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው፣ ከፓሪስ በመጡ በመጀመሪያው ፀደይ፣ ቴዎፊል ገና ደህና ሳለ። የቀለም ሣጥኑን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከፍቶ ቱቦዎቹን ሲደረድር እናቱ ድንች እየላጡ ያዩታል። ቢጫ፣ ብርቱካን፣ ቀይ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ።

«ጥቁሩስ?» አሉት።

«ጥቁር የለኝም እማዬ።»

«አለቀብህ?»

«አውጥቼ ጣልኩት። ውጪ ወጥተሽ እዪ፣ ጥቁር የሚባል ነገር የለም። ያ የጎተራው ጥላ ጥቁር ይመስልሻል? ሰማያዊ ነው፤ ሐምራዊ ነው፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ብርቱካን አለው።»

እማማ ዜሊ ቢላቸውን እንደያዙ ወደ ደጅ ወጥተው ጥላውን ትክ ብለው አዩት። ተመለሱ። «ይኼን ልጅ ፀሐይ መታው» አሉ ለክሌማንስ። በቀጥታ ያነጋገሯት የመጀመሪያ ነገር ይኼ ነበር።

አሣሣሉም ለብቻው ነው። ብሩሹን አይጎትትም፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ያደርጋል እንጂ። ቀለም ከቀለም አይቀላቅልም፤ ቢጫዋን ነጥብ ከሰማያዊዋ አጠገብ ያስቀምጣትና አረንጓዴውን የተመልካቹ ዓይን ይሥራው ብሎ ይተወዋል። ሜዳ ላይ በትንንሽ ጣውላ ይሞክራል፤ ከዚያ ትልቁን ሸራ ወጥሮ ወራት ሙሉ ያንጠባጥባል። እናቱ የመጀመሪያውን ሥዕል አፍንጫቸውን አስጠግተው ሲያዩት፣ «በማርያም! እርሻችን ፈንጣጣ ወጣበት እንዴ?» አሉ። ከሁሉ በላይ የሳቀው ራሱ ቴዎፊል ነው። ትከሻቸውን ይዞ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እያስኬደ፣ ተረከዛቸው የላሞቹን ገንዳ እስኪነካ ጓሮውን አሻገራቸው።

«አሁንስ?»

ብዙ ቆዩ። «አሁን ደግሞ ዓይኔን አመመኝ» ብለው ላም ሊያልቡ ሄዱ። ክሌማንስ ከኋላቸው ሄዳ አየቻቸው፤ ግንባራቸውን የላሟ ጎን ላይ ደግፈው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ማልቀስ ይሁን ድካም ይሁን አልለየችውም። ለቴዎፊልም አልነገረችውም።

የመጨረሻው ሸራ ከሴን ወንዝ በላይ ያለው ዳገት ነው። ያበበ የከብት መኖ እርሻ አለበት፤ ቀጫጭን ረጃጅም ዛፎች ተደርድረውበታል፤ ከታች ወንዙ ይታያል። መሐሉ ላይ ክሌማንስ ጀርባዋን ሰጥታ በሰማያዊ ቀሚሷ ወደ ወንዙ ትወርዳለች። ያን ቀሚስ የሰፋችው ራሷ ናት፣ ፓሪስ ልብስ ሰፊ ሳለች ከተረፈ ጨርቅ። ቴዎፊል ከሷ በፊት ያየው ቀሚሱን ነው፤ «መጀመሪያ ቀሚሱን ነው የወደድኩት፣ አንቺ መጨረሻ ላይ የመጣሽ ነሽ» እያለ ያናድዳት ነበር።

ሥዕሉ ሁሉ አልቆ የቀሚሱ ጉርድ ብቻ ቀረ። እዚያ ላይ ሲደርስ ከሳሉ ጋር ደም መጣ። መጀመሪያ መሐረብ፣ ከዚያ ፎጣ፣ ከዚያ አንሶላ። ጉርዱ ላይ ጥቂት ፈዛዛ ነጥቦች ተበትነው ሌላው ነጭ ሸራ ሆኖ ቀረ።

ሊሞት ሰሞን እጇን ያዘ። «ቀሚሱን አናቶል ይጨርሰው» አላት፤ አናቶል የፓሪስ ሠዓሊ ጓደኛው ነው። «በግምት ግን እንዳይነካብኝ። በግምት ከሆነ ይቅር። ለብሰሽው እዚያው ቦታ ቁሚለት፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል። እያየ ያስቀምጠው።»

«እሺ።»

«ደሞ ጥቁር እንዳትለብሺ።»

«ቴዎፊል ተው እንዲህ አይባልም…»

«ከሬሳዬ ኋላ ሰማያዊውን ለብሰሽ ነይ። መንደርተኛው ይንጫጫ። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባች። ሌላ ምን ታደርግ?

ቴዎፊል በሞተ በማግስቱ ጠዋት እማማ ዜሊ ቡና በወተት ቀድተው ፊቷ አስቀመጡላት፤ ሳታዝ ነው። ትኩር ብለው አዩአት። ክርኗ ላይ የጣፈችውን አዩ፤ ጫማዋንም አዩ።

«ለቀብሩ ምን ልትለብሺ ነው?»

«ሰማያዊውን ማዳም።»

«ሰማያዊውን!»

«እሱ ነው ጥቁር አትልበሺ ያለኝ።»

እማማ ዜሊ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ወተት ጠረጉ።

«እሱ ነው ያለሽ።»

«አዎ። ሊሞት ሰሞን።»

«ጥቁር አትልበሺ የሚል ሟች» አሉ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው ያህል። ከዚያ ጽዋውን አነሡ። «በይ ሂጂ፤ ያን የፓሪሱን ሙሴ ተቀበይ፣ ባቡሩ ይደርስብሻል።»

ክሌማንስ የቤት ልብሷን እንደለበሰች ሰማያዊውን የበሩ ጀርባ ላይ ሰቅላው ወጣች።

አናቶል ከባቡሩ የወረደው አልቅሶ ያበጠ ፊቱን በመሐረብ እያበሰ ነው። ወፍራም ነው፣ ላብ በላብ ሆኗል፤ በአንድ እጁ የቀለም ሣጥኑን፣ በሌላው ከመንገድ የገዛውን አበባ ይዟል። አንድ ጊዜ አቀፋትና ለቀቃት።

«ያ ርጉም! ስምንት ዓመት ሙሉ ስለ አንዲት ብርቱካን ነጥብ ተጨቃጨቀኝ፤ ተረታሁ ሳልለው ጥሎኝ ይሄዳል?»

«አናቶል፣ አታስቀኝ። ከሳቅሁ አለቅሳለሁ።»

«ታዲያ አልቅሺያ! ለማን ልትቆጥቢው ነው?»

አላለቀሰችም። ከሞተ ጀምሮ አንድም እንባ አልወጣትም። መንገዳቸው በዳገቱ በኩል ነውና እዚያ ሲደርሱ ቆሙ። የመኖው አበባ ከዳር እስከ ዳር ሮዝ ሆኖ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ባለ እርሻው ማጨድ የነበረበት ትናንት ነው፤ ለሬሳው ክብር ሲል ማጭዱን ሰቅሎ፣ «ቀብሩ ይለፍ፣ በማግስቱ አጭደዋለሁ» ብሏል።

አናቶል ዓይኑን ጨፈን ጨፈን እያደረገ ወደ ኋላ ወደ ፊት አለ። «ነገ ነው እንግዲህ ያለን። ከቀብሩ በቀጥታ እንመጣለን። አንቺ እዚህ ትቆሚያለሽ፤ ይቺ ፀሐይ ከዛፎቹ ራስ በላይ እስካለች ድረስ ይበቃኛል። ከነገ በኋላ እርሻው ይታጨዳል፣ ያኔ ምን ብናደርግ ከንቱ ነው።»

«ትጨርሰዋለህ?»

«ቀሚሱን እያየሁ ከሆነ አዎ። እሱ የጀመረውን ነጥብ አይቼ፣ ቀሚሱን አይቼ፣ አጠገቡ ያለውን አበባ አይቼ። ሳላይ ግን አልነካውም። እንደ ልጅ ነው የፈራሁት፣ እውነቴን ነው።»

ክሌማንስ ከትናንት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቷ ትንሽ ቀለል አላት። ከጎረቤት ጋርም ትሂድ፤ ከሁሉም ኋላ ትሂድ። ቀሚሱ ያልቃል። ቴዎፊል ከሷ የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም ነገ ይፈጸማሉ።

ጓሮው በር ሲደርሱ ሽታው ተቀበላቸው፤ የተቀቀለ ቅርፊትና የዝገት ሽታ።

ትልቁ ድስት ሦስት ድንጋይ ላይ ተጥዶ እሳቱ ከስሟል። እማማ ዜሊ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው አጠገቡ ቆመዋል፤ እጃቸው ከጣት እስከ ክርን ጥላሸት መስሏል። ከፖም ዛፉ ቅርንጫፍ ላይ ሁለት ቀሚሶች ተሰቅለዋል። አንደኛው የእማማ ዜሊ ነው፣ ሰፊና አሮጌ። ሌላው ጠባብ ነው፤ ወገቡ ላይ ክሌማንስ ራሷ ያጠፈችው እጥፋት አለበት። ሁለቱም ይንጠባጠባሉ። ከሥራቸው ያለው ሣር ጠቁሯል።

ክሌማንስ ቀሚሱን አወቀችው፤ አእምሮዋ ግን አልቀበል አለ። ዞራ የቤቱን በር አየች፤ የበሩ ጀርባ ላይ ሰቅላው ነበር እኮ።

«ይደርቃል» አሉ እማማ ዜሊ። «ነፋስ አለ። እስከ ጠዋት ካልደረቀም ግድ የለም፤ እርጥብ ለብሶ የሞተ የለም።»

የአናቶል አበባ ከእጁ ወደቀ። «ምን አደረጉ? ማዳም፣ ምን አደረጉ እኮ ነው የምልዎት! ይኼ ቀሚስ…»

ክሌማንስ ክንዱን ጨበጠችው፤ ጥፍሯ ሥጋው ውስጥ ገባ።

«ዝም በል።»

«ክሌማንስ፣ ሥዕሉ እኮ…»

«ዝም በልልኝ አናቶል። በቴዎፊል ሞት ዝም በልልኝ።»

አናቶል ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ ጎተራው ጀርባ ሄደ።

«ሙሴው ምን ሆኑ?» አሉ እማማ ዜሊ።

«ጓደኛው ነው። ሐዘኑ ነው ማዳም።»

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን በሽርጣቸው ለማበስ ሞከሩ፤ ቀለሙ አይለቅም። ሲናገሩ ዓይናቸው ድስቱ ላይ ነው።

«ጠዋት ሰማያዊውን ነው የምለብሰው፣ እሱ ነው ያለኝ ስትዪኝ ሆዴን በላኝ። የለኝም ማለት አሳፈረሽ፤ ገባኝ። እኔም ባሌ ሲሞት ጥቁር አልነበረኝም፤ አማቴ ናት የራሷን የሰጠችኝ። ትናንት ለፊርሚን ያልኩትን ሰምተሻል። ሰምተሽ ዝም አልሽ። ደሙን ሦስት ወር ስታጥቢ አይቼሻለሁ። እኔ እናቱ አፍንጫዬን ይዤ ስወጣ አንቺ ይዘሽ አታውቂም። ታዲያ አንቺ ሚስቱ ካልሆንሽ ማን ናት? ቄሱ?»

ማማሰያውን ከድስቱ አወጡ።

«ከኔ ጋር ነው የምትሄጂው። ከሬሳው ኋላ፣ ከኔ ጎን። ከአንድ ድስት ነው የወጣነው፤ ምን ሊል ነው ሰው!»

ክሌማንስ ልቧ ስንጥቅ ብሎ ሁለት ሆነ። አንዱ «ልጅሽን ዛሬ ደግመሽ ገደልሽው» ብሎ መጮህ ይፈልጋል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ እውነትም ነበር። የቴዎፊል የመጨረሻ ሥዕል፣ ያቺ አንዲት የቀረችው ነጭ ጉርድ፣ እዚያ ድስት ውስጥ ቀልጣለች። ሌላው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ የጠበቀችውን ነገር አሁን ሰማ፤ ሰምቶም ተንሰፈሰፈ። እጃቸውን አየችው፤ ያን የጠቆረ፣ የተቃጠለ፣ አውራ ጣቱ ላይ ውኃ የቋጠረ እጅ። ይቺ እናት ነገ ልጇን ትቀብራለች። አንድ ሞት ይበቃታል።

ቃሉን ዋጠችው። ሲወርድ እሾህ ነበር።

ወደ ቀሚሱ ቀርባ ጫፉን ያዘችው። ፀሐይዋ ሙሉ በሙሉ አርፋበታለች። ቴዎፊል እንዳስተማራት እጥፋቱ ውስጥ ሰማያዊ፣ ጠርዙ ላይ ብርቱካን ፈለገች። ወደ ብርሃን አዞረችው፤ ወደ ጥላ አዞረችው። የለም። እማማ ዜሊ ሥራቸውን አሳምረው ያውቃሉ። ጥቁር ነው።

«ቆንጆ ይዟል» አለች። ከዚህ በላይ መናገር አልቻለችም።

አናቶልን ከጎተራው ጀርባ የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ልትነግሪያት ይገባ ነበር» አላት ሳያያት።

«ነግሬያት ምን ላድርግ? ቀሚሱ ይመለሳል?»

«ቃል ገብተሽለታል።»

«ገብቼለታለሁ።»

«ሌላ ሰማያዊ ጨርቅ ብንፈልግ? ከመንደሩ፣ ከሆነ ሰው…»

«በግምት አይሆንም ብሏል። ሌላ ጨርቅ ግምት ነው፤ አንተም ታውቀዋለህ።»

አናቶል ከአጥሩ ላይ ጠጠር አንሥቶ ወረወረ። ያውቀዋል።

«ታዲያ ሥዕሉ ምን ይሁን?»

«እንደዚያው ይቅር።»

«ያለ ቀሚስ?»

«ያለ ቀሚስ። እሱ እስከዚያ ድረስ ነው የኖረው፤ ሌላ ምን አለ?» አለችና ያን ጊዜ ነው የመጣባት። ድንጋዩን ተደግፋ፣ ሽርጧን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ ሰው እንዳይሰማት እየታገለች አለቀሰች። ባለመጨረሱ አለቀሰች፤ ቃሏን ልትበላ በመሆኑ አለቀሰች፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሮጣ ሄዳ «ሰማህ? እናትህ ምራቴ ልትለኝ ነው» የምትለው እሱ አለመኖሩ አንጀቷን በጠሰው። አናቶል እጁን ትከሻዋ ላይ አስቀምጦ እሱም አብሮ ተንሰቀሰቀ።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት ተሸካሚዎቹ ደጅ ቆመው በሹክሹክታ ስለ ድርቆሽ ያወራሉ። ሣጥኑ ተዘግቷል። ክሌማንስ ብቻዋን ክፍሉ ውስጥ ቀርታ ሥዕሉ ላይ ያለውን አንሶላ ጫፉን ገለጠች። ዳገቱ አለ፤ አበባው አለ፤ ወንዙ አለ። ከወገቧ በታች ነጭ ነው።

«ይቅር በለኝ ቴዎፊል» አለች። «ሁለቱንም አልቻልኩልህም። የእናትህን ነው የመረጥኩት።»

አንሶላውን መለሰችው።

ቀሚሱ አልደረቀም። ስትለብሰው ገላዋ ላይ በረዶ ሆኖ ተለጠፈ፤ ክንዷ ላይ ወዲያው ጥቁር መሥመር አወጣ። ይኼ ቀሚስ ከኋላ ነው የሚቆለፈው፤ ትንንሽ ቁልፎቹ ከወገብ እስከ አንገት ይሄዳሉ፤ እጇ አይደርስም። ሁልጊዜ የሚቆልፍላት ቴዎፊል ነበር። ጀርባዋ ክፍት እንደሆነ ወደ ወጥ ቤት ወጣች።

እማማ ዜሊ ጥቁራቸውን ለብሰው፣ ዐይነ ርግባቸውን ወደ ኋላ ጥለው ቆመዋል። ምንም ሳይሉ አዞሯት። ሻካራ ጣታቸው ከወገቧ ጀመረ።

በሩ ተንኳኳ፤ ፊርሚን አንገቷን አስገባች። «ቄሱ መጥተዋል! ምን ትጠብቃላችሁ?»

«ምራቴ እየለበሰች ነው በያቸው» አሉ እማማ ዜሊ ዞር ሳይሉ።

ፊርሚን ቀሚሱን አየች፤ ከአሮጊቷ ቀሚስ ጋር አስተያየችው። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል መደወል ጀመረ። ጣቶቹ ቁልፍ በቁልፍ ወደ ላይ እየወጡ አንገቷ ሥር ደረሱ። እዚያ ሲደርሱ ቆሙ።

«ተሳሳትኩ» አሉ እማማ ዜሊ። «አንዷን ዘልያታለሁ።»

አልዘለሉም። ክሌማንስ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሁሉም በየቦታው እንደገባ ጀርባዋ ላይ አውቃዋለች። አሮጊቷ ግን አንድ በአንድ ፈቱት፣ እስከ ወገቧ ድረስ፤ ፈትተው ሲጨርሱም ከታች ጀምረው እንደገና ይቆልፉ ጀመር። ይኼ ካለቀ መውጣት ነው። ከወጡ ሣጥኑ ይነሣል።

ደወሉ ይደውላል። ደጅ ያሉት ሰዎች እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ቁልፉ እንደገና አንገቷ ጋ ደረሰ።

«ደሞ ተሳሳትኩ» አሉ።

ክሌማንስ ከማጅራቷ የወረደውን ፀጉሯን በእጇ ሰብስባ ወደ ላይ ያዘችላቸው።

«ቀስ ብለው እማዬ» አለች።